4.10 የሚለው ካርድ

በማንሲና በዙሪያዋ ባሉ የኢንዲያና መንደሮች የድሮ ጉልበተኛ መኪና ያለው ሰው ሁሉ ዲፈረንሻሉን የሚያስከፍተው ቨርለን ስታኪ ጋ ነው። ቨርለን ከቤቱ ጓሮ ባለችው ጋራዥ ከአርባ ዓመት በላይ የኋላ አክስል ሲፈታና ሲገጥም ኖሯል። ጎማው አንዴ ሲዞር ከፊት የሚመጣው ዘንግ ስንቴ ይዙር የሚለውን ቁጥር ለሰው ለመምረጥ አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም። ቁጥሩ ከፍ ካለ መኪናው ከትራፊክ መብራት ላይ ተወርውሮ ይነሳል፤ አውራ ጎዳና ላይ ግን ሞተሩ ሲጮኽ ይውላል፣ ቤንዚኑንም እንደ ውሃ ይጠጣዋል። ዝቅ ካለ ነገሩ ይገለበጣል። ሁለቱንም አጣምሮ የያዘ ቁጥር እስካሁን አልተፈለፈለም።

ደንበኛ መጥቶ ከፍተኛውን ቁጥር፣ 4.10ን፣ ግጠምልኝ ሲለው ቨርለን ደሙ ይፈላል። ጎንህ የሚቀመጠው ማነው ብሎ ይጠይቀዋል። ሚስቱም ትሁን እናቱ፣ እሷን አሳፍሮ፣ የ4.10ን ጩኸት እንዲቀምሱት ማርሹን ሁለተኛ ላይ አድርጎ ሠላሳ ማይል እንዲነዳ ያዘዋል። ድምፃቸውን ሳያነሱ ማውራት ከቻሉ ይገጥምለታል፤ ካልቻሉ አይነካለትም። በዚህ ሕግ ስንቱን ጎረምሳና ስንቱን ሽማግሌ አንገት አስደፍቶ ሰዷል።

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይባል የለ? የቨርለን የራሱ መኪና፣ ያቺ የ1970 ሞዴል አረንጓዴ፣ ከሥሯ ያለው 4.10 ነው። የገጠመው በ1974 ሊያገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነበር። ኦሊታን ለጫጉላ ወደ ካሮላይና ባሕር ሊወስዳት ቃል ገብቶ ነበርና ተነሱ፤ መቶ ማይል እንደ ሄዱ ሲንሲናቲ ካለው የኦሃዮ ወንዝ ድልድይ ሳይደርሱ ግማሹ ገንዘብ ቤንዚን ሆኖ አለቀ፣ የኦሊታም ጆሮ ደነቆረ። በመጪው ሐምሌ እወስድሻለሁ ብሎ መኪናውን አዞረ። ከዚያ በኋላ አርባ ሐምሌ አለፈ። ኦሊታ በዚያች መኪና ከሰፈሩ አይስክሬም ቤት ርቃ ሄዳ አታውቅም።

ዘንድሮ በግንቦት ከትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ጡረታ ስትወጣ ሰዎች ምን ስጦታ ትፈልጊያለሽ አሏት። የፈለገችው ያንኑ ባሕር ነበር፣ በዚያችው መኪና። ለሐምሌ ሁለተኛ ሳምንት ባሕሩ ዳር ክፍል ያዘችና ለባሏ ነገረችው። ወይ ያን የሚጮኽ ነገር ትቀይራለህ፣ ወይ ከእህቴ ጋር በአውቶቡስ እሄዳለሁ አለችው። የምትቀልድ አልመሰለውም።

ለሰው በአምስት ደቂቃ የሚመርጠው ሰውዬ ለራሱ አምስት ሳምንት ፈጀበት። ካርቶን ላይ ያሰላል፣ ያጠፋል፣ እንደገና ያሰላል። ሐሙስ አመሻሽ ላይ መኪኖቻቸውን ይዘው ሃምበርገር ቤቱ ሜዳ ላይ የሚሰበሰቡትን ጓደኞቹን አንድ በአንድ ጠየቀ። የሚያስጨንቀው የአክስሉ ጥርስ ቁጥር እንዳይመስላችሁ። እዚያ ሜዳ ላይ ማንም መኪናውን ሲያቆም የሞተሩን፣ የካምቢዮውንና የአክስሉን ቁጥር የጻፈበትን ካርድ መስታወቱ ሥር ያደርጋል፤ ሰው ሁሉ ሰላም ከማለቱ በፊት የሚያነበው እሱን ነው። የቨርለን ካርድ ላይ 4.10 እንደተጻፈ አርባ ዓመት ሆኖታል። ሰውዬው ከሚስቱና ከአንዲት ካርድ መምረጥ አቅቶት ነው የሚሰቃየው።

በመጨረሻ 3.73 ገጠመ። መሀል ላይ ነው፣ ሁሉንም ያስደስታል አላት። ኦሊታ ክርክር ውስጥ አልገባችም። ቦርሳዋን ይዛ ጎኑ ተቀመጠችና የራሱን ሕግ አስታወሰችው፤ ሠላሳ ማይል፣ ድምፅ ሳይነሳ።

ሰባ ማይል በሰዓት ሲደርስ ማውራት ጀመረች። በተለመደው ድምፅዋ ስለ ጎረቤት ውሻ አወራች፣ ስለ እህቷ ጉልበት አወራች። ቨርለን ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ ራሱን ይነቀንቃል፣ አንዳንዴም አዎ አዎ፣ ጥሩ ነው ይላል። ቤት ደርሰው ሞተሩ ሲጠፋ ኦሊታ ወርዳ ቤት ገባች።

በማግስቱ ጠዋት የአርባ ዓመት ጓደኛው ሮስኮ በሩ ላይ ቆሞ ቁልፍ ስጠኝ አለው።

"የምን ቁልፍ?"

"የመኪናዋ ነዋ። ኦሊታ ደውላልኝ፣ ትናንት መንገድ ላይ መኪናዋን ለሮስኮ እንስጠው ብዬው ሁለቴ አዎ ብሎኛል አለች። ምን ይሻልሃል ወዳጄ፣ የሰጠኸውን ልትነሳኝ ነው?"

ቨርለን ወደ ኋላው ዞረ። ኦሊታ እጇን አጣጥፋ ኮሪደሩ ላይ ቆማለች። የምትስቅ መስሎት ነበር፣ አልሳቀችም።

"አርባ ዓመት ስናገር እንዲሁ ነው ራስህን የምትነቀንቀው" አለችው። "እኔ ደግሞ የምትሰማኝ ይመስለኝ ነበር።"

ሮስኮን ባዶ እጁን ሸኘውና ጋራዥ ገባ፤ ያን 3.73 አውጥቶ ዝቅተኛውን 3.08 ገጠመ። ከሁለት ያጣ ጎመን መሆኑ በቃው። ካርዱን ግን አልነካውም። ሰው ሚስቱን አስደስቶ ጓደኞቹን ቢዋሽ ማን ይጎዳል ብሎ ለራሱ ነገረው፤ ዘንጉን እያዞሩ የሚቆጥሩ አይመስሉትም ነበር።

መቁጠር አላስፈለገም። ከጉዟቸው በፊት በነበረው ሐሙስ ኦሊታን አሳፍሮ ሜዳው ውስጥ ሲገባ ሮስኮ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ጆሮውን አቀና። ተነስቶ መጣ፣ ካርዱን አነበበ፣ የመኪናዋን ኋላ አየ፣ ተመልሶ ካርዱን አነበበ። ሌሎቹም መምጣት ጀመሩ።

"መኪናህ አንድ ነገር ትላለች፣ ካርድህ ሌላ" አለ ሮስኮ። "የቱ ነው የሚዋሸው?"

ቨርለን ፊቱ ቀላ። ኦሊታን ቀና ብሎ ማየት አቃተው፣ እሷ ግን እያየችው እንደሆነ ያውቅ ነበር። ከኪሱ እስክሪብቶ አወጣ፤ 4.10ን ሰረዘና ከጎኑ 3.08 ብሎ ጻፈ። የሴት አያቴም መኪና ይሄው ነበረው ሲል አንዱ፣ ሌላው አብሮ የሹራብ ኪሮሽ ተገጥሞላት እንደሆነ ጠየቀ፤ ቀልዱ እስኪጨልም አልበረደም። ቨርለን ሁሉንም ዋጠው። እውነቱን ለመናገር መረረው።

ቅዳሜ ጠዋት ተነሱ። ኦሊታ አፏን ሳትከፍት መቶውን ማይል ጨረሰች፤ ቨርለን ተቀይማ ይሆን እያለ አሥር ጊዜ ሰረቅ አድርጎ አያት። ሲንሲናቲን አልፈው ድልድዩ ላይ ሲወጡ ሞተሩ ከሥራቸው ረጋ ብሎ ያጉረመርም ነበር። ወንዙ መሀል ላይ ሲደርሱ ቦርሳዋን ከጭኗ አውርዳ እግሯ ሥር አስቀመጠች።

"አሁን ስናገር ትሰማኛለህ?" አለችው በቀስታ።

"እሰማሻለሁ።"

"ጥሩ። እንግዲያው ከ1974 እንጀምር።"

ባሕሩ ገና ስድስት መቶ ማይል ይቀረው ነበር።