ስከሳ ታመምሽ፣ ስወፍር ዳንሽ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ኢሕአዴግ ሊወርድ ሦስት አራት ዓመት ሲቀረው ነው። ብዙ ሰው «ያለፈ ነገር ነው፣ ተይው» ይለኛል። አልተውኩትም። ዛሬም ሳነሳው ደሜ ይፈላል፤ የጻፍኩትም ቢወጣልኝ ብዬ ነው።

ወልቂጤ ውስጥ የሴቶች ልብስ ስፌት ቤት አለኝ። ባለቤቴ በኩላሊት ሕመም ከሞተ ወዲህ ሁለት ልጆቼን ያሳደግኩት በዚያች ቤት ነው። ያኔ ዕድሜዬ አርባ ሁለት፣ ክብደቴ ከመቶ ኪሎ በላይ ነበር። እኛ ዘንድ ይሄ ነውር አይደለም። እንዲያውም «ተመችቶሻል፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው የሚባለው። የተመቸኝ ነገር ግን አልነበረም። ከስፌት መኪናው ተነስቼ በሩ ጋ እስክደርስ ጉልበቴ ያስጮኸኛል። ተንበርክኬ መጸለይ ካቆምኩ ሁለት ዓመት አልፎኝ ነበር።

በራሴ ያልሞከርኩት ነገር የለም። ዝንጅብል በሎሚ በባዶ ሆዴ ጠጣሁ። ፌጦ ጥሩ ነው ሲሉኝ ፌጦ በጠበጥኩ። ከአዲስ አበባ በሰው እጅ «ቦርጭ አጥፊ» የሚባል ሻይ አስመጣሁና ሳምንቱን ሙሉ ሽንት ቤት ከረምኩ። ደንበኛ ለልኬት መጥታ በር ላይ ቆማ እኔ ከጓሮ «መጣሁ፣ መጣሁ» እላለሁ። የቀነሰልኝ ነገር ቢኖር ትዕግሥቴ ብቻ ነው።

በመጨረሻ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ደሜ ሲታይ ስኳር ተገኘብኝ። ሐኪሙ ከጎንደር የመጣ ረጋ ያለ ወጣት ነው። «አዲስ አበባ ጨጓራን በቀዶ ጥገና የሚያሳንሱ ሐኪሞች አሉ፣ ልልክዎ እችላለሁ። እሱ ግን የመጨረሻው ነው። መጀመሪያ ኪኒኑን፣ ምግቡንና የእግር ጉዞውን አንድ ዓመት እንሞክር። እምቢ ካለ ያኔ እንነጋገራለን» አለኝ።

ቀዶ ጥገና የሚለውን ስሰማ ታላቅ እህቴ ትዝ አለችኝ። ለወሊድ ቀዶ ጥገና ገብታ አልተመለሰችም። «ዶክተር፣ ያሉኝን ሁሉ አደርጋለሁ፣ ቢላዋ ብቻ እንዳያሳዩኝ» አልኩት። በዚያ አንድ ዓመት ውስጥ ካልቀነስኩ ሆዴ ሊከፈት ነው ማለት ነው።

ያለኝን አደረግኩ። ቆጮ በቀን አንዴ ብቻ፣ ያውም ትንሽ ቆራሽ። ቅቤ ተውኩ፣ ስኳር ያለው ሻይ ተውኩ። ለመስቀል ዘመድ ሁሉ አገር ቤት ጉንችሬ ሲሰበሰብ ክትፎው ፊቴ ተቀምጦ እኔ ጎመን በላሁ። ጉራጌ ሆኖ ለመስቀል ክትፎ የገፋ ሰው አለ ቢሉኝ እኔ ራሴ አላምንም ነበር። ጠዋት ጠዋት ሱቅ ከመክፈቴ በፊት በጅማ መንገድ እያለከለክኩ እሄዳለሁ፤ የባጃጅ ሾፌሮቹ ለመጫን እየቆሙልኝ አስቸገሩኝ።

ሚዛን ላይ ብዙ አልወጣም፤ ሜትሬ ይበቃኛል። በየወሩ የቀሚሴን ጎን እፈታና አጠበዋለሁ። በሰባተኛው ወር ያልጠበበ ቀሚስ አልነበረኝም። ጉልበቴም ቀለለኝ። አንድ ጠዋት ሳላስበው አልጋዬ አጠገብ ተንበርክኬ ራሴን አገኘሁት። እዚያው አለቀስኩ።

እንግዲህ ጣጣው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በዚያ ጤና ጣቢያ የዕድሜ ልክ መድኃኒት የምንወስድ ሰዎች፣ የስኳሩም የደም ግፊቱም የኤች አይ ቪውም፣ ከኋላ በኩል ባለች አንዲት መስኮት ነው የምንሰለፈው። ከተማው ግን መስኮቷን የሚያውቃት ለአንዱ በሽታ ብቻ ነው። «የኋላ መስኮት ታየች» ከተባለ በቃ፣ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። እኔ ደግሞ በየወሩ እታያለሁ፣ በየወሩም እከሳለሁ።

መጀመሪያ አልገባኝም። «ምነው ከሳሽ፣ ደህና ነሽ?» ሲሉኝ «ተመስገን» እያልኩ ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ቀን አንዲት ሙሽራ ቬሎዋን ልታስለካ ስትመጣ የራሷን ስፒል ከነፓኮው ይዛ መጣች። «የኔ ስፒል ዝጓል እንዴ?» ብዬ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። በሳምንቱ ሌላዋ ያልተቆረጠ ጨርቋን መልሳ ወሰደች። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ሁሉም «ቆይ እመለሳለሁ» ነው የሚሉት።

የገለጠችልኝ ወይዘሮ ብርቄ ናት። የሰፈራችን የአንድ ለአምስት መሪ ናት፣ የጸሎት ኅብረታችንም አባል ናት፤ ስለዚህ በሁለት በኩል ታውቀኛለች። የየቤቱን ሰው ጤና የምትመዘግብበትን ደብተሯን ይዛ ሱቄ መጣችና ወንበር ሳበች።

«ማርታዬ፣ መድኃኒቱን ሳታቋርጪ እየወሰድሽ ነው?»

«አዎ፣ አንድ ቀን አልዘለልኩም።»

«ጎሽ። ልጆቹስ ተመረመሩ?»

«ልጆቹ? ለስኳር ነው?»

አንገቷን ወደ ጎን አድርጋ በሐዘን አየችኝ። «ከኔ እንኳ አትደብቂ፣ እህቴ። የባለቤትሽም ነገር ያኔ ኩላሊት ተባለ እንጂ ሰው ሁሉ ያውቃል» አለችኝ።

እኔን ይሙኝ፣ ይሁን። ባለቤቴን ግን ከተቀበረ በአራት ዓመቱ ከመቃብር አስነስተው ነው ያሙት። ያንን ሁሉ ሌሊት ያስታመምኩት እኔ፣ የሞተበትን የሚያውቁት እነሱ። ደብተሯን ከእጇ ቀምቼ ሳየው ስሜ ፊት ለፊት «ክትትል ላይ ያለች» ብላ ጽፋለች። ልቀደው ነበር፤ ጮኻ ነጠቀችኝና ወጣች።

በነጋታው ሄጄ ተመረመርኩ። ነፃ መሆኔን የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ወረቀት አምጥቼ ሱቄ ግድግዳ ላይ ከንግድ ፈቃዴ ጎን ለጠፍኩት። የገባ ሁሉ እንዲያየው። አዩት። «ወረቀት በብር ይገዛል» አሉ።

በሦስተኛው ቀን ዘይነባ የምትባል ደንበኛዬ ለልጇ የኢድ ልብስ ልታሰፋ መጣች። ገበያ ውስጥ በርበሬ የምትሸጥ፣ ከመስቃን ተድራ የመጣች ዝምተኛ ሴት ናት። ግድግዳውን አይታ ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አነበበችው። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ማርታ፣ ወላሂ ከክፋት አይደለም የምጠይቅሽ። እኔ ከያዘኝ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ከዚያች መስኮት ነው የምወስደው። አንቺ ነፃ ነኝ ብለሽ ከለጠፍሽ እኔ እዚህ ቤት ልግባ ወይስ ልቅር?» አለችኝ።

ያልያዘኝን በሽታ ለማስተባበል ስሯሯጥ የያዛትን ሴት ከሱቄ እያባረርኩ እንደነበር አላየሁትም። እያየችኝ ወረቀቱን አነሳሁና ይቅርታ ጠየቅኳት። የልጇን ልብስ የዚያኑ ዕለት ሰፍቼ ሰጠኋት።

ያን ያህል ልብ ካገኘሁ ታዲያ በዚያው ብጸና ምን ነበረበት? አልጸናሁም። የትምህርት ቤት መክፈቻ ደረሰ። ዋናው የዩኒፎርም ሥራ የሚመጣበት ጊዜ ነው፤ እኔ ጋ የመጣው አንድ የልጅ ሱሪ ብቻ ነው። ልጆቼ ትምህርት ሊጀምሩ ነው። በቀሚሴ ውስጥ ሁለት ሹራብ ደርቤ በከተማው ተንጎራደድኩ። እስቲ አሁን፣ በኔ ዕድሜ እንዲህ የሚያደርግ ሰው አለ? ፊቴ ግን አልወፍርም አለ። ይሄኔ ነው ተቀምጬ መብላት የጀመርኩት።

የኋላ መስኮት መሄድ አቆምኩ። የጠዋቱን ጉዞም አቆምኩ። ቆጮው በቅቤ፣ ዳቦው በማር፣ ለስላሳ መጠጥ በምሳና በራት። ጠግቤ እንኳ እበላ ነበር። ሐኪሙ ሁለት ጊዜ ሰው ላከብኝ፤ «ደህና ነኝ በሉት» አልኩ።

ዓመት ሳይሞላ ድሮ ከነበርኩበትም በለጥኩ። ከተማው ደስ አለው። «አሁን ሰው መሰልሽ» ይሉኝ ጀመር። ጨርቋን መልሳ የወሰደችው ሴትዮ ያንኑ ጨርቅ ይዛ ተመለሰች። ይባስ ብላ ወይዘሮ ብርቄ በጸሎት ኅብረቱ መሀል ለምስክርነት ተነስታ፣ «እህታችንን ጌታ ከዚያ ክፉ ደዌ ፈውሷታል፣ ሥጋዋ እንዴት እንደተመለሰ ዓይናችን አይቷል» አለች። እልልታው ቀለጠ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረው ይጠብቁኛል። እኔም «አሜን» አልኩ።

ያቺ አሜን እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ላይ አለች። ካልታመምኩት በሽታ ዳንኩ ብዬ፣ ያለብኝን በሽታ ግን ያለ መድኃኒት ትቼ፣ ተጨብጭቦልኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ወራት ካለፉ በኋላ ለአንድ ሠርግ ቡታጅራ ስሄድ አዲስ ጫማ አደረግኩ። ጫማው እግሬን ልጦታል፤ እኔ አልተሰማኝም። ስኳሩ እግሬን አደንዝዞት ኖሯል። ቁስሉን ያየችው ሴት ልጄ ናት፣ እሷንም የመራት የቁስሉ ሽታ ነው። ከግራ እግሬ ሁለት ጣት ተቆረጠ። እዚያ አልጋ ላይ ተኝቼ ከሆዴ ያሸሸሁት ቢላዋ በእግሬ በኩል እንደመጣ ገባኝ።

ስድን ሐኪሞቹ ጨጓራ ወደሚያሳንሰው ሐኪም አዲስ አበባ ላኩኝ። ያን ጊዜ ፍርሃቱም አልቆልኝ ነበር። ሰውየው ከጤና ጣቢያው የተላከውን ካርዴን አገላብጦ አየና ተገረመ። «በሰባት ወር ይሄን ያህል ቀንሰው ነበር እኮ። ኪኒኑም ምግቡም ሠርቶልዎታል። ለምን አቆሙ?» አለኝ።

«ሰው አማኝ» አልኩት።

«የት ጋ ነው የሚያምዎት? ሆድዎን ነው? ያቅለሸልሽዎታል?»

«አይ፣ ዶክተር። ሕመም አይደለም። ሰው አማኝ፣ ሐሜት።»

ልጄ አጠገቤ መሬት መሬት ታያለች። ሐኪሙ ካርዱ ላይ በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር ጻፈና፣ «የሠራልዎትን ነገር ትተው ሆድዎን አልከፍትም። ስድስት ወር እንደገና ይሞክሩ። እውነት እምቢ ካለ እኔ አለሁ» ብሎ ሸኘኝ።

እንደገና ሞከርኩ። ያቺው መስኮት፣ ያው መንገድ፣ አሁን ግን በስምንት ጣት። ከዘይነባ ጋር አንድ ቀን ነው የምንሰለፈው። ሆዴ ሳይከፈት እስከ ዛሬ አለሁ፣ ቀጭን ነኝ። ሐሜቱም አልቀረም፤ ለኢድም ለገናም ግን የሚያሰፋ አላጣሁም።

ወይዘሮ ብርቄን ይቅር ብያታለሁ እላለሁ፣ ውሸቴን ነው። አላልኳትም። ባሌን ከመቃብር ያስነሱትንም አላልኳቸውም። ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ያን ቀን ከሐኪሙ ወጥተን ልጄን «ካርዱ ላይ ምን ብሎ ጻፈ?» ብዬ ጠየቅኳት። ልትነግረኝ አልፈለገችም። ስጨቀጭቃት፣ «በራሷ ፈቃድ አቋረጠች ይላል፣ እማ» አለችኝ። ተመልሼ ልጮኽበት ነበር። መቼ ፈቀድኩና፣ ይሄ ሁሉ ሰው አንገቴን አንቆኝ አይደል እንዴ ልለው ነበር። ኮሪደሩ ላይ ጥቂት ቆምኩና ተውኩት። ያ ሁሉ ሰው ሲያወራ ቆጮውን ቆርሶ አፌ ውስጥ የከተተ አንድም ሰው አልነበረም። ሰውየው ትክክል ነው የጻፈው።