ባሌ ከጃንጥላ ሥር አልቀመጥም ያለ ዕለት

ባሌ ወደ እስራኤል ሲጓዝ ሱዳን ላይ ሞተ ተብሎ ጎንደር ለቀሩት እናቱ ተነግሯቸው ነበር። ተለቅሶለታል፣ ተዝካሩም ወጥቷል። እሱ ግን እዚህ ሃይፋ ከተማ፣ ሀዳር ሰፈር፣ እኔን አግብቶ ድስቱን እየጠረገ ይበላል! በሕይወት አለ፣ ሚስትም አግብቷል ብለን በሰው ብንልክባቸው፣ «ሊያጽናኑኝ ብለው ነው» አሉ። በዓይናቸው ካላዩ አያምኑም። አንድ ዓርብ ታዲያ፣ ወደ ጎንደር የሚመላለስ አማርኛ የሚችል ፈረንጅ ሐኪም ቅዳሜ ማታ እንደሚነሳ ሰማን። ዓርብ ጀንበር ጠልቃ ሰንበት ሳይገባ ባሌ ፎቶ መነሳት ነበረበት።

ከቤታችን ደረጃውን ወረድ ብሎ ከሮማንያ የመጡ ሽማግሌ ፎቶ ቤት ነበራቸው። ካሜራቸው ፎቶውን ወዲያው የሚያወጣ ነው። ባሌ ተቀመጠ። እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ፣ አገጩን አነሳ፣ ትንፋሹን ያዘ። መብራቱ ቦግ ሲል ዓይኑን ጭፍን! ፎቶው ሲወጣ አየነው። ውይ በሞትኩት! የተገነዘ ሬሳ።

«ይህን ልከን ሁለተኛ ተዝካር እናስወጣቸው?» አልኩት።

ሽማግሌው መብራቱ ዓይኑን ስለመታው ነው አሉና ትልቅ ነጭ ጃንጥላ ከራሱ በላይ ዘርግተው በብረት ዘንግ አቆሙት። መብራቱን ወደ ጃንጥላው አዞሩት፤ ብርሃኑ ከጨርቁ ነጥሮ ለስለስ ብሎ ፊቱ ላይ ወረደ። እውነቴን ነው፣ ከሠርጋችን ቀን ይልቅ አምሮ ታየኝ። እሱ ግን ቀና ብሎ ሲያይ እሾህ እንደወጋው ሰው ዘሎ ተነሳ።

«እኔ ቄስ ነኝ? ማን ሆኜ ነው ጃንጥላ የሚዘረጋልኝ?»

በእኛ በቤተ እስራኤሎች ዘንድ ጃንጥላ የቄሶቻችን ክብር ነው፤ በበዓል ከላያቸው ይያዝላቸዋል። ይህን በምን ዕብራይስጥ ላስረዳ? የእኔ ዕብራይስጥ ከገበያና ከአውቶቡስ አያልፍም። «እሱ ቄስ አይደለም» አልኳቸው።

«እኔም አይደለሁም። ቤሰደር፣ እሺ፣ ቁጭ ይበል» አሉኝ።

«ፎቶው ላይ እኮ አይታይም!» አልኩት ባሌን።

«እግዜር ያየዋል» አለኝ።

ጃንጥላውን ሲያጥፉት የባሌ ፊት ይጨልማል። ሲዘረጉት ይነሳል። ሲያጥፉት ይቀመጣል። ሽማግሌው ሰዓታቸውን ያያሉ፤ ሱቁን ሊዘጉ ነው። ደሜ ፈላ። ጃንጥላውን ከዘንጉ ነቀልኩና ከጎኑ፣ ከትከሻው ዝቅ አድርጌ ያዝኩት። «ይኸው! እንዲህ ተደርጎ የሚያዝለት ቄስ አይተህ ታውቃለህ?» ሽማግሌው መብራቱን አዞሩልኝ። ባሌ እሺ ብሎ ተቀመጠ፤ ተቀምጦ ደግሞ ትንፋሹን ያዘ።

«አንተ ግትር!» ጮህኩበት። «እናትህ እያለቀሱ አንተ ጃንጥላ ታማርጣለህ? በቃ፣ እውነትም ሞቷል ብዬ ልላክባቸው!»

«አንቺ ሴትዮ፣ ዋ! አፍሽን...» ብሎ ጣቱን ሲቀስርብኝ መብራቱ ቦግ አለ።

በፎቶው ላይ አፉ ተከፍቷል፣ ጣቱ ተቀስሯል፣ ዓይኑ ፈጧል፤ ፊቱ ግን ጥርት ብሎ በርቷል። ትንሽ ሳቅም አለበት። «ይህን ለእናቴ? ባለጌ ሆኗል ይሉኛል!» ብሎ ሌላ ሊነሳ ፈለገ። ሽማግሌው በሩን መዝጋት ጀምረው ነበር። የግዳችንን እሱኑ ፎቶ በሐኪሙ እጅ ላክን፤ ባሌም ሰንበቱን ሙሉ አኮረፈኝ።

ከወራት በኋላ ሐኪሙ ቤታችን መጣ። እናቱ ፎቶውን ይዘው ደጅ ወጡ አለን፤ ፀሐይ ላይ አገላብጠው አዩት፣ ተንበርክከው መሬት ሳሙ። ከዚያ እያለቀሱ ሳቁ።

«እንዲህ አድርጎ የሚቆጣው ሚስቱን ነው እንጂ ሌላ ማንን ይሆናል?» አሉ። «ልጄ እውነትም አግብቷል። ያቺን ልጅ ሳሙልኝ። ዝም እንዳትለው በሏት።»

ባሌ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እኔ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። አማቴን በዓይኔ ሳላያቸው አረፉ፤ ቃላቸውን ግን ይኸው እስከ ዛሬ አክብሬላቸዋለሁ።