ለውሻ ዋስ ይጠይቁ የነበሩት እማሆይ አስካለ

እማሆይ አስካለ አረፉ ሲሉኝ ሳቅሁ። እውነቴን ነው። ትናንት በስልክ፣ "ይቺ ውሻ ሻሼ ቤት ሳታገኝ ሞት ቀርቶ ገበያም አልሄድ" ያሉኝ ሴት ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው በማግስቱ ይሞታል?

ሞተዋል። ይህን የምጽፍላችሁ ፍኖተ ሰላም፣ ግቢያቸው ውስጥ ሆኜ ነው። ድንኳን እየተተከለ ነው።

ለማታውቋቸው፦ እማሆይ የባዘኑ ውሾችን ሰብስበው፣ አስከትበውና አወፍረው ለሚያሳድግ ሰው ይሰጡ ነበር። ግን ዝም ብለው አይሰጡም። መጀመሪያ ቤትህን መጥተው ያያሉ። "ለቅሶ ስትሄድ ማን ያበላዋል? ሲያረጅስ ታባርረዋለህ?" ይላሉ። መልስህ ከጣማቸው ደግሞ፣ "በል ዋስህን ጥራ።" አዎ፣ ለውሻ ዋስ።

"እማሆይ፣ ሚስቴን ስወስድ እንኳ ይህን ያህል አልተመረመርሁም" አልኋቸው አንድ ቀን።

"እኔ ብኖርማ መች ትሰጥህ ነበር" አሉኝ። ሚስቴ ይህችን እስከ ዛሬ ትደግምልኛለች።

በመጨረሻ ከደጃፋቸው እፍኝ አፈር ይዘግኑና በአዲሱ ቤት ደፍ ላይ ያፈሱታል፤ ውሻው ልቡ ወደኋላ እንዳይቀር። "ይህን ከየት አመጡት?" እያልሁ ስነዘንዛቸው ኖሬ አንድ ቀን ነገሩኝ። ምነው ባልጠየቅሁ ብያለሁ።

በጣሊያን ጊዜ ነው። እሳቸው ትንሽ ልጅ ነበሩ፤ ቀዬአቸው ከቡሬ ወጣ ብሎ። አርበኛ አስጠልላችኋል ተብሎ ወታደሮች መንደሩን አቃጠሉት። ሰው ወደ ፈጣም ወንዝ ገደል ሸሸ። ውሾቹን ጥለዋቸው ሄዱ፤ ቢጮኹ መሸሸጊያውን ያሳብቃሉና።

ሲመለሱ ቤት የለም። ያለው አመድ ነው። በየአመዱ ላይ ውሻ ተቀምጧል። አንዱም አይጮኽም። ሰው ሲመጣ ዝም ብለው ያያሉ።

ባለቤቱ የተመለሰለት ተነሥቶ ተከተለ። ባለቤቱ ያልተመለሰለት እዚያው ቀረ። የእማሆይ እናት ለነዚያ ቤት ያፈላልጉ ጀመር። ዘመኑ የችግር ስለሆነ ወስዶ የሚያባርር በዝቶ ነበርና ዋስ ያስጠሩ ነበር። ከድሮ ቤቱ ደፍም አፈር ያስዘግናሉ።

አንድ ውሻ እምቢ አለ። ዳኘው ይባላል፤ የአያ ፈንቴ ውሻ ነው። አያ ፈንቴን ወታደሮቹ ይዘውት ሄዱ ተብሎ አገር አልቅሶለት ጨርሷል። ዳኘውን ከወንዝ ማዶ ያሉ ባልና ሚስት ወሰዱት። እሱ ግን ከብት በሚገባበት ሰዓት ገመዱን እየበጠሰ ይመለሳል። አመዱ ላይ ይቀመጥና አንገቱን ወደ መሬት ዘንበል ያደርጋል። ጆሮውን ያቆማል። ከዚያ ጭራውን ይቆላል፤ ሰው በስሙ እንደጠራው።

ባልየው ጦር ይዞ መጣ። "ይሄ ሟርተኛ ነው። ከሙት ጋር እያወራ ቤቴን ሊያስጨርስ ነው" አለ።

"ዋስ ጠርተህበታል፤ አትነካውም" አሉት እናትየው።

"እንግዲያው ዋሴ ይውሰደው።"

"ቆይ። አፈሩን ከየት ነው የዘገንኸው?"

"ከፈንቴ ደጅ ነዋ።"

"እስቲ አሳየኝ።"

መርቶ አሳያቸው። የጎረቤቱ ደጅ ነበር። ሁሉም አመድ ሲሆን የማን ደፍ የማን እንደሆነ በምን ይለያል?

"ውሻውን ከሰው ቤት አፈር ጋር ወስደኸው እንዴት ይርጋልህ?" አሉና ዳኘው ወደተቀመጠበት ሄዱ፤ ትክክለኛውን ሊዘግኑ። ጣታቸውን አመዱ ውስጥ ሲያስገቡ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነካቸው። የእህል ጉድጓድ ክዳን ነው።

አያ ፈንቴ እዚያ ውስጥ ነበር። ተሸሽጎ ሳለ ቤቱ በላዩ ተቃጥሎ ወድቋል። ለካ ወታደር አልያዘውም።

"ከሞተ ቆይቶ ነበር?" አልኋቸው እማሆይን።

"በጣም ቆይቷል።"

"ታዲያ ዳኘው ጭራውን የሚቆላው ለማን ነው?"

ነጠላቸውን አስተካከሉና ወደ ሌላ ወሬ ገቡ።

አያ ፈንቴን ቤተ ክርስቲያን ወስደው ቀበሩት። ከቀብር መልስ ዳኘውን ያሰረው የለም፣ የጎተተው የለም። ባልና ሚስቱን ቀድሞ ወንዙን ተሻገረና በራቸው ላይ ተኛ። እስኪሞት ድረስ ከዚያ አልተነቃነቀም።

"እምቢ ያለ ውሻ አይጎተትም፤ ይጠየቃል" የሚሉት ከዚያ ነው። እናታቸው ይሉት ነበር፣ እሳቸውም ዕድሜ ልካቸውን አሉት።

እነሆ ዛሬ ግቢው ውስጥ ሻሼ ብቻ ቀርታለች። አርጅታለች፣ አንድ ዓይኗ አያይም፤ ስለዚህ ፈላጊ አጣች። ግቢው ሊዘጋ ነው። መንገድ ላይ ከወጣች ደግሞ ሰሞኑን ለባዘነ ውሻ መርዝ ይጣላል እየተባለ ነው።

ቅድም ከዕድሩ አንድ ልጅ ገመድ ይዞ መጣ። "ጋሼ፣ ይቺን እናውጣት፤ ለቀስተኛ ትነክሳለች" አለኝ።

"በምን ጥርሷ? እስቲ መጀመሪያ የምትሠራውን እያት" አልሁት።

ሻሼ የእማሆይ ባዶ በርጩማ ፊት ተቀምጣለች። አንገቷን ዘንበል አደረገች። ጆሮዋን አቆመች። ከዚያ ጭራዋን ቆላች።

ልጁ ገመዱን ጥሎ ወደ ድንኳኑ ሄደ። እኔም ሁልጊዜ የማሾፈው ሰው ቀልድ ጠፋኝ።

እማሆይ፣ ሻሼን እኔ እወስዳታለሁ። ቤቴን ያውቁታል። ለቅሶ ስሄድ ሚስቴ ታበላታለች፤ ተስማምታለች። አርጅተሻል ብዬም አላባርራት፣ እኔስ ምን ቀረኝ። አፈሩን ዘግኛለሁ፤ የርስዎ ደፍ መሆኑን ደጋግሜ አይቻለሁ።

ዋስህን ጥራ ካሉኝ ደግሞ እርስዎን ጠርቻለሁ። ከዛሬ ወዲያ ከርስዎ የሚያመልጥ ማን አለ?

ደህና ይሁኑ፣ እናቴ። እኔ በሩ ላይ ተቀምጫለሁ፤ አልጎትታትም። አውርታችሁ ስትጨርሱ ይላኩልኝ።