የተዘጋውን በር መዝጋት

ትናንት ከሸዋ ሮቢት የመጣልኝን ካርቶን ስከፍት መጀመሪያ የወጣው ሽታ ነው። የሮቢ ወንዝ ደለል፣ ፀሐይ ያቃጠለው ላስቲክ፣ ትንሽም የሽንኩርት ቅጠል። ከዚያ ሳጥኗ ወጣች። መዳፍ የምታክል፣ ሁለት መጫኛ ያላት፤ አረንጓዴው ይከፍታል፣ ቀዩ ይዘጋል። አረንጓዴው ደህና ነው። የቀዩ ቀለም ግን መሃሉ ተልጦ ነጭ ሆኗል።

አባቴ የውሃ አባት ነበር። እኛ አገር የመስኖ ውሃ በተራ ነው፤ የቦዩን በር የሚከፍተው፣ የሚዘጋው፣ ተራ የሚያስጠብቀው እሱ ነው። እናቴ ከሞተች ወዲህ ከእኔና ከዚያ ቦይ በቀር ምንም አልነበረውም። ጉልበቱ ከዳው። ወደ ቦዩ ራስ እያነከሰ ሲሄድ በመስኮት አየውና አንጀቴን ይበላኛል። እኔ ደግሞ ተመርቄ ሥራ ፈት፤ አዲስ አበባ ልሂድ ወይስ ልቅር እያልኩ እዋልላለሁ።

“አባዬ፣ በሩን ቤት ቁጭ ብለህ የምትከፍትበት ነገር ልሥራልህ። ከተሳካ ለሌላውም ቦይ እየሠራሁ እኖራለሁ፣ አልሄድም” አልኩት።

“ኢንሻአላህ” አለ። ፊቱ ግን በራ።

ሞተሩም ሬዲዮውም አላስቸገሩኝም። ያስቸገረኝ ምስጢሩ ነው። ትእዛዙ ሳይመሰጠር ከተላከ ማንም ተንኮለኛ አስመስሎ በሩን ይከፍተዋል፤ በቆላ ደግሞ ውሃ ደም ያፋስሳል። ስለዚህ መልእክቱ እኩል እኩል ይቆረጣል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ከምስጢር ቁልፉ ጋር ዙር በዙር ይታሻል፤ ፊደሉ ይለወጣል፣ ቦታው ይዛወራል፣ እርስ በርሱ ይደባለቃል። በሲ ቋንቋ ጻፍኩት፣ ሠራ። ግን ምን ያደርጋል፣ ቀርፋፋ! በሩ ላይ ያለችው ሚጢጢ ቺፕ የምትኖረው በትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ ነው። ሥራዋን ቶሎ ጨርሳ ካልተኛች፣ ደመና በዋለ ቀን ባትሪው ይሞትና በሩ እንደተከፈተ ይቀራል።

እልህ ምላጭ ያስውጣል። በጋውን ሙሉ ሙቀት በሚያንጣጣው ቆርቆሮ ሥር ተቀምጬ ሁሉንም በአሴምብሊ፣ በቺፗ በራሷ ቋንቋ፣ እንደገና ጻፍኩት። ወደ ጀውሃ የሚወርዱት ከባድ መኪኖች ሲያልፉ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል። የማናግረው ሰው የለም። “ሬጅስተር” ብል ማን ይሰማኛል? ፊደሎቹን ወደ ማስታወሻዋ ማመላለሱን ትቼ እዚያው እጇ ላይ፣ ሬጅስተሮቿ ውስጥ፣ አቆየኋቸው። ፈጠነች፤ አልበቃም። ቦታ ማዛወሩ አሁንም ጊዜዋን ይበላዋል።

አንድ ቀን ከሰዓት ለአባቴ ውሃ ይዤ ቦዩ ዘንድ ወረድኩ። አንድ የማሾ ገበሬ መጣና “ጋሼ፣ የኔን ተራ ለጎረቤቴ ይስጡልኝ፤ እኔ በሱ ቀን እገባለሁ” አለ።

“ይሁን” አለ አባቴ።

አለቀ። ውሃው ንቅንቅ አላለም፣ ማሳውም ያው እዚያው ነው፤ የተለወጠው የጥሪው ተራ ብቻ ነው። ወይ የኔ ነገር! ፊደሎቹን ማን አዛውሪ አለኝ? ካሉበት ሳይነሱ በሚቀጥለው ዙር በአዲሱ ተራቸው ልጥራቸው! የውሃ ኮዳውን እዚያው ጥዬ ወደ ቤት ሮጥኩ።

ኮዱን አስተካክዬ ስጭነው ቺፗ ብልጭ ብላ ወዲያው ተኛች። እሪ አልኩ። አባቴ ከኋላዬ እያነከሰ ደርሶ ነበርና ደንግጦ ገባ።

“ምን ሆንሽ?”

“ፈጠነች! አባዬ፣ ፈጠነች!”

ቁጭ ብሎ “አስረጂኝ” አለ። አስረዳሁት። አንዱም እንዳልገባው ፊቱ ላይ ይታያል፤ ግን እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ። ከዚያ “አልሐምዱሊላህ። እና አትሄጂም ማለት ነው?” አለ።

“አልሄድም።”

ኋላ የወሰደኝ ግን ያው ኮድ ነው። ከካራቆሬ እስከ ጀውሃ ያሉት ገበሬዎች “የውሃ አባት አለን፣ ሳጥን ምን ያደርግልናል” ብለው መለሱኝ። ኢንተርኔት ላይ የለጠፍኩትን ኮድ ያየ አንድ የአዲስ አበባ መሥሪያ ቤት ግን ለሥራ ደወለልኝ። እምቢ ልል ነበር። ሂጂ ያለኝ አባቴ ነው። “ያንቺን ቋንቋ የሚሰማ እዚያ አለ” አለኝ። ብቸኝነቴን ለካ ሲያየው ኖሯል።

ከመሄዴ በፊት ሳጥኗ ውስጥ ሲም ካርድ አስገባሁ፤ አባቴ በሩን ሲከፍትም ሲዘጋም ስልኬ እንዲያሳውቀኝ። ክረምት ገባ። ሮቢ ሞላ፤ መስኖ የሚፈልግ የለም፣ በሩም ተዘግቶ ይከርማል። ስልኬ ግን በየማለዳው ይጮሃል፤ “ተዘግቷል” ይላል። ኮዴ ተሳሳተ ብዬ ስፈትሽ ከረምኩ። በመጨረሻ ደወልኩለት።

“አባዬ፣ የተዘጋ በር ለምንድነው የምትዘጋው?”

“እዚያ ሲጮህ ትሰሚው የለ? እሱን ብዬ ነው። በስልክማ ሥራ አስፈታሻለሁ።”

ከዚያ ወዲያ ክረምት በመጣ ቁጥር የምነቃው በአባቴ ነበር።

አሁን አባቴ የለም። አዲሱ የውሃ አባት ወጣት ነው፣ በእጁ ይከፍታል፤ ሳጥኗን “ለልጃቸው ስጡልኝ” ብሎ ላካት። ዛሬ ጠዋት ባትሪ አደረግኩላትና ጣቴን የአባቴ ጣት በላጠው ቦታ ላይ አሳርፌ ተጫንኩ። ማድቤት የተውኩት ስልኬ ጮኸ።

እኔው ራሴ ተጭኜው፣ እየሮጥኩ ሄድኩ።