ሳጥን የሆኑ ፊደላት

አባባ ዓይናቸው እየደከመ መሆኑን ለማንም ሳይናገሩ ብዙ ቆይተዋል። እኔ ያወቅኩት አንድ ቀን ከሥራ ስገባ በረንዳው ላይ ጋዜጣ ዘርግተው፣ ፊታቸውን ወረቀቱ ላይ ለጥፈው ሳገኛቸው ነው። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው አለ። ያዘዘላቸው ጠብታ የቀረውን ያቆይ ይሆናል እንጂ የጠፋውን አይመልስም። «ማንበብ የሚፈልጉት ነገር ካለ አሁን ያንብቡ» አላቸው፤ እንደ ቀላል ነገር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ መቀመጥ አቃተኝ።

እናቴ ካረፈች ወዲህ ሀዋሳ፣ አዲስ ከተማ ሰፈር ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። እኔ መሥሪያ ቤት እውላለሁ፤ እሳቸው ጡረታ ወጥተዋል። ሲዳምኛ ተናግረው ያደጉ፣ አማርኛን ትምህርት ቤት ገብተው የተማሩ፣ ኋላም ዕድሜያቸውን ሙሉ አማርኛ ያስተማሩ ሰው ናቸው።

በዚያው ሰሞን ዲላ ከሚኖሩት የድሮ ባልደረባቸው፣ እኔ ከልጅነቴ «ጋሼ» ከምላቸው ሰው፣ አንድ ጥራዝና አንድ ሲዲ መጣ። ጋሼ የሕይወታቸውን ታሪክ ጽፈው ጨርሰዋል። «ማተሚያ ቤት ሳይገባ አንተ አንብበው። የተሳሳትኩት ካለ ንገረኝ» የሚል ማስታወሻ አያይዘዋል። የጥራዙ ፊደል ደቃቅ ነው።

«ላንብብልዎት?» አልኳቸው።

«አይሆንም። ራሴ አነበዋለሁ።»

«እሺ፣ በትልቅ ፊደል ቢሮ ላትምልዎት።»

«ማተሚያው ጋ ስንት ሰው ያየዋል! ራሴ አነበዋለሁ አልኩሽ።»

እንዲህ ጮኸውብኝ አያውቁም። ጥራዙን ይዘው መኝታ ቤት ገቡ።

የአክስቴ ልጅ ከውጭ አገር ሥልጠና ሲመለስ የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ ይዞ መጥቶ ነበር። ያኔ ገና አዲስ ነገር ነው፤ ሀዋሳ ውስጥ ሌላ ሰው እጅ ላይ አላየሁም። «ፊደሉን የፈለግሽውን ያህል ታሳድጊዋለሽ» ብሎ ሰጠኝ። በቃ ተገላገልን ብዬ ሲዲውን ይዤ ቢሮ ሄድኩ።

የቢሮዬ ኮምፒውተር ማንበቢያውን ጭራሽ አላወቀውም። ከመሣሪያው ጋር የመጣውን ሶፍትዌር ልጫን ስል፣ ከዚህ የተሻለ አዲስ ሲስተም ያስፈልጋል ብሎ ዘጋብኝ። በምሳ ሰዓት በባጃጅ ፒያሳ ወደሚገኝ ኢንተርኔት ቤት ሮጥኩ። እዚያ ያለው ኮምፒውተር አዲስ ነው፤ ሶፍትዌሩ ግን ማሻሻያ ከኢንተርኔት ካላወረድኩ አልሠራም አለ። ማውረድ ጀመረ። የምትሞላዋን መስመር እያየሁ ቆሜ ጠበቅኩ። ልትሞላ ትንሽ ሲቀራት መብራት ሄደ።

በማግሥቱም ተመለስኩ፤ በሦስተኛውም ቀን። ሥራ ቦታ ቁጭ ብዬ ምሳ ሰዓት እስኪደርስ ደቂቃ እቆጥራለሁ። ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው አባባ የበሩን እጀታ በእጃቸው ፈልገው እንደሆነ ወይም በዓይናቸው አይተው እንደሆነ ነው።

በስንት መከራ ሶፍትዌሩ ተጫነ። ለሙከራ ቢሮ የነበረ አንድ የሲዳምኛ ጽሑፍ ማንበቢያው ላይ ብጭን፣ ሲዳምኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ጥርት ብሎ ወጣ። የጋሼን ጽሑፍ ስከፍተው ግን የማይነበብ የላቲን ፊደልና ምልክት ተዘባርቆ መጣ። በአማርኛ አንድ መስመር ጽፌ ብልክበት ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ባዶ ሳጥን ሆነ። ሳጥን፣ ሳጥን፣ ሳጥን። መሣሪያውን መሬት ላይ ልፈጠፍጠው ምንም አልቀረኝም።

የመሥሪያ ቤታችን የኮምፒውተር ባለሙያ ትዕግሥተኛ ሴት ነበረች። ሻይዋን አስቀምጣ አየችልኝ።

«ችግርሽ ሁለት ነው» አለችኝ። «ጽሑፉ የተተየበው በድሮ የአማርኛ መጻፊያ ነው፤ ያ ፎንት በሌለበት አይነበብም። ስለዚህ ወደ ዩኒኮድ፣ ሁሉም ኮምፒውተር ወደሚያውቀው አጻጻፍ፣ መቀየር አለበት። ሁለተኛ፣ ማንበቢያሽ ውስጥ የአማርኛ ፊደል የሚባል ነገር የለም።»

«እና አይሆንም?»

«ገጹን በማንበቢያው ልክ ጠበብ፣ ፊደሉን ተለቅ አድርገን፣ ፎንቱን ከነነፍሱ ፒዲኤፍ ውስጥ እንከትተዋለን። ያኔ ይዞት ይሄዳል። ግን መቀየሪያው አንዳንድ ፊደል ይውጣል፤ ከወረቀቱ ጋር እያስተያየሽ መሙላት ያንቺ ሥራ ነው።»

ማታ ለአባባ ነገርኳቸው። ጥራዙ እንደሚያስፈልገኝም ጨመርኩላቸው።

«ሁሉንም ታነቢዋለሽ ማለት ነው?»

«የጎደለውን ፊደል ብቻ ነው የማየው።»

እውነት እንዳልሆነ እኔም እሳቸውም እናውቃለን። ግድግዳውን እየዳበሱ ሄደው ጥራዙን አመጡልኝ።

ከሥራ መልስና ቅዳሜ ቢሮ እየቆየሁ ሞላሁት። «ጸ» የለም፣ «ቷ» የለም፣ «ኘ» ሁሉ ሌላ ነገር ሆኗል። መሀል ላይ ስደርስ ሁለቱ ጓደኛሞች በደርግ ጊዜ ገጠር ሲያስተምሩ ያሳለፉት መጣ። አንድ ግቢ ውስጥ ይኖሩና ማታ ማታ የተከለከለ የውጭ ሬዲዮ አብረው ያዳምጡ ነበር። አንድ ሰው ጠቆመ። ጋሼ ታሰሩ፤ ዘጠኝ ወር። «ጓደኛዬንም ጠርተው ጠየቁት» ይላል ጽሑፉ። «ምን ብሎ እንደመለሰ እስከ ዛሬ አልጠየቅኩትም። እኔ ላጤ ነበርኩ፤ የእሱ ሚስት ግን እርጉዝ ነበረች።»

ዓመቱን ቆጠርኩ። በሆዷ የነበርኩት እኔ ነኝ።

ተነስቼ ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ አልኩ። ያንን ገጽ ባወጣው፣ ወይም ሳጥን አድርጌ ብተወው፣ «መሣሪያው አበላሸው» ብል ማን ያውቃል? እጄን መሰረዣው ላይ አድርጌ ነበር። ግን እኒህ ሰው ባላቸው ትንሽ ብርሃን ሊያነቡ የፈለጉት ይህንን ገጽ ካልሆነ ምን ሊሆን ይችላል? የጎደሉትን አራት ፊደላት ሞልቼ ወደሚቀጥለው አለፍኩ።

አባባ ማንበቢያውን ስሰጣቸው ወደ መስኮቱ አስጠግተው ያዙት። «ይታያል» አሉ። አንድ ገጽ ላይ ጥቂት መስመር ብቻ ስለሚይዝ ቁልፉን ደጋግመው መጫን ነበረባቸው፤ ቀኑን ሙሉ ቀጭ ቀጭ ሲል ይሰማኛል። በአምስተኛው ቀን ድምፁ ቆመ። ወጥ ቤት መጡና በር ላይ ቆሙ።

«አንብበሽዋል።»

«አንብቤዋለሁ፣ አባባ።»

«ሬዲዮውን እሱ ያዳምጣል፣ እኔ ተኝቼ ነበር አልኳቸው። ያልኩት ይኸው ነው። ከእስር ሲወጣ ሊጠይቀኝ መጣ፤ ዳቦ ይዞልሽ። ያን ቀን ልነግረው ነበር።»

እጄን በፎጣ እጠርጋለሁ፤ ደርቆ ሳለ እጠርጋለሁ።

«ቅዳሜ ዲላ እንሂድ» አሉ።

ቅዳሜ በሚኒባስ ዲላ ደረስን። ጋሼ ግቢያቸው በር ድረስ ወጥተው ተቀበሉን፤ የአባባን ክንድ ይዘው ከአቮካዶው ዛፍ ሥር አስቀመጧቸው። እኔ ገበያ አያለሁ ብዬ ወጣሁ። ምንም አልገዛሁም፤ አስፋልቱን ሁለት ጊዜ ወጥቼ ወረድኩ፣ ሰዓቴን እያየሁ።

ስመለስ የአባባ ዓይን ቀልቷል። ጋሼ መሬቱን በከዘራቸው እየቆረቆሩ ነው።

«ልጄ፣ ነይ እስቲ» አሉኝ። «አባትሽ ያለኝን በራሱ አፍ ይንገርሽና ተይቢው። በመጽሐፉ ውስጥ ከእኔ ገጽ ቀጥሎ ይገባል።»

«ይቅር ብሎኛል» አሉ አባባ በሲዳምኛ።

«ይቅር ያልኩህማ ያኔ ነው፤ ዛሬ የተናደድኩብህ ይህን ሁሉ ዓመት ብቻህን ስለያዝከው ነው» አሉ ጋሼ። «ደግሞ የርዕሰ መምህሩ በቅሎ መልኳ ቡላ ነው ብዬ ጽፌያለሁ። ልክ ነኝ?» ሲሉ ጠየቁ።

«ዳማ ነበረች» አሉ አባባ።

«ቡላ!»

«ዳማ ናት፤ እኔ አይደለሁ ውኃ የማጠጣት!»

የመጨረሻው ሚኒባስ እንዳያመልጠን ከተቀመጡበት ሳስነሳቸው ገና እየተከራከሩ ነበር።