ያልማልኩበት ደጃፍ

አከራዬ የቅዳሜ ከሰዓት ፊልማቸውን ብቻቸውን ማየት አይወዱም። ዌምብሊ ካለው ቤታቸው ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ስኖር ሦስተኛ ዓመቴ ነበር። ከስሪላንካ የመጡ ታሚል ናቸው፤ ባላቸው የሞተባቸው፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ አንደበታቸው ግን ምንም ያልሆነ ሴት። የሚያውቃቸው ሁሉ «አማ» ይላቸዋል፣ በቋንቋቸው እናት ማለት ነው። እኔም እንደዚያው እላቸዋለሁ። የምንግባባው በእንግሊዝኛ ነው፤ የእሳቸውም የእኔም የተሰባበረ ስለሆነ አንዳችን ሌላችንን አናፍርም።

ያን ቅዳሜ ኦፍ ነበርኩ። ሳምንቱን ሙሉ የሰው ሽማግሌ ሳጥብና ሳለብስ ሰንብቼ፣ ሌላ ጊዜ ቢሆን እተኛ ነበር። እንቅልፍ ግን ከየት ይምጣ? አገር ቤት አባባ ታመው ተኝተዋል። ወንድሜ ጠዋት ደውሎ፣ «ከእንግዲህ የቀናት ነገር ነው» አለኝ። ሌላም ነገር ጨመረ። እህታችን ከአዲስ አበባ መጥታ ገበያው ዳር ካለች ዘመዳችን ቤት ተቀምጣለች። አባቴን ሳላይ አልመለስም ብላለች። አባባ ደግሞ ስሟ ሲነሳ መስማት አልፈለጉም።

«አንቺ ንገሪያቸው» አለኝ። «እኔ ስናገር ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። የነገሩ ምስክር አንቺ ነበርሽ።»

ከዘጠና ሰባት ምርጫ በኋላ በነበረው ግርግር ነው ከአገር የወጣሁት። በያዝኩት የስደተኛ ወረቀት ተመልሼ መግባት አልችልም። ስለዚህ አባቴ ዘንድ ሊደርስ የሚችለው ድምፄ ብቻ ነበር፤ እሱንም ኪልበርን መንገድ ላይ በምገዛት የስልክ ካርድ። ካርዷን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ፣ ለመደወል እየፈራሁ፣ አማ ሲጠሩኝ ወረድኩና ሶፋው ላይ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ፊልሙ የመንደር ፊልም ነው። ትልቅ ዛፍ አለ፤ ከሥሩ በድንጋይ የተገነባ መደብ፤ መደቡ ላይ ሪዙ እንደ በሬ ቀንድ የተጠማዘዘ ሰውዬ። ነጭ ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጓል።

«ዳኛው ነው» አሉኝ አማ። «አያቱም ዳኛ፣ አባቱም ዳኛ። ሪዙን አየሽው? እንዲህ ያለ ሪዝ የሌለው ሰው አይፈርድም።»

«በእኛም አገር እንዲህ አለ» አልኳቸው።

«ዛፍ ሥር?»

«ዛፍ ሥር። ሪዝ ግን ግዴታ አይደለም።»

ጉልበታቸውን ይዘው ሳቁ። እኔም ትንሽ ሳቅሁ።

ዳኛው ፊት የቀረበችው የገዛ ወንድሙ ልጅ ናት። ሩዝ መፈተጊያው ቤት ውስጥ ከወንድ ጋር ታይታለች ተብላለች። ልጅቱ መሬት ላይ ተንበርክካለች፣ እናቷ ደረቷን ትደቃለች፣ ሙዚቃው ጆሮ ያደነቁራል። እውነቱን የምታውቅ አንዲት አሮጊት ልብስ አጣቢ አለች፤ ልጅቱ በዚያ ሰዓት ከእሷ ጋር ወንዝ ዳር ነበረች። ዳኛው ካፉር የሚሉትን ነጭ፣ የሚነድ ሙጫ አስመጥቶ በሰሃን ላይ አስለኮሰ። በእነሱ ደንብ የሚምል ሰው እሳቱን በመዳፉ መትቶ ያጠፋዋል፤ ከዚያ በኋላ ቃሉን የሚጠራጠር የለም።

አሮጊቷ እሳቱን እያየች ቆመች። ቆመች። አማ ትራሱን በጡጫ መቱት።

«ማይ! ማይ እንጂ አንቺ ሴትዮ! ምን ይገትርሻል?»

ተነስቼ ወደ ማድቤት ሄድኩ። የቧንቧውን ውሃ ከፍቼ ጀርባዬን ለበሩ ሰጠሁ።

ነገሩ የሆነው ከዚያ ቅዳሜ አሥራ አንድ ዓመት በፊት ነው። እህቴ ታጭታ ነበር፤ ሠርጓ ሊደርስ አንድ ወር ሲቀረው የእጮኛዋ ወገኖች አንድ ሰው አቆሙ። ሰውየው በገበያ ቀን፣ ቅዳሜ፣ እህቴ የአስተማሪው ቤት ስትገባ አይቻለሁ አለ። ቢጫ ሻሿን ሳይቀር ጠራ። እኔ ግን ያን ቅዳሜ እህቴ የት እንደነበረች አውቃለሁ። ከእኔ ጋር ጠበል ነበረች። ካገባሁ አራት ዓመት ሆኖኝ ልጅ አልያዝኩም ነበር፤ የባሌ እናት ነጋ ጠባ ሆዴን ያያሉ። እንዳይሰሙብኝ ብዬ ሰው የማያውቀኝን ሩቅ ጠበል መርጬ፣ እህቴን ብቻ አስከትዬ፣ ገበያ እንሄዳለን ብለን ወጣን። ደርሰን እስክንመለስ ቀኑ አለቀ። ሻሿን እኔ ነኝ በእጄ ይዤ የቆየሁት፤ እሷም ተጠምቃ ስትወጣ እስክትደርቅ።

ሦስት ሽማግሌዎች ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ካለው ዋርካ ሥር ተቀመጡ። ከሦስቱ አንዱ አባባ ነበሩ። የልጅህ ነገር ነውና ተነስ ያሏቸው ነበሩ። «ልጄ ስለሆነች ብነሳ ነገ በሰው ልጅ ላይ ስፈርድ ማን ይሰማኛል?» ብለው ተቀመጡ። አገሩ ሁሉ ይህን ሲሰማ ወደዳቸው።

ሰውየው የቤተ ክርስቲያኑን በር ይዞ ማለ። ዓይኑ እንኳን አልተርገበገበም። አይቶ ይሁን መስሎት እስከ ዛሬ አላውቅም። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ከእኔ ጋር ነበረች» አልኩ። ስለ ጠበሉም፣ ልጅ ስለማጣቴም፣ የባሌ እናት በተቀመጡበት፣ አንድ ሳልደብቅ ተናገርኩ። አፈርኩ፣ ግን ተናገርኩ።

«መልካም» አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ። «እንግዲህ በሩን ያዥና ማይ።»

እጄ አልተነሳም።

የነፍስ አባቴ ገና በልጅነቴ፣ በአንድ ቀልድ ነገር «ማርያምን!» ስል ሰምተውኝ፣ ሃምሳ ስግደት ሰጥተውኝ ነበር። እውነትም ቢሆን አትማይ፣ የእግዚአብሔርን ስም ለሰው ነገር መያዣ አታድርጊ ብለው ገዝተውኛል። ከዚያ ቀን በኋላ ምዬ አላውቅም። ለዕቃ አልማልኩም፣ ለቀልድ አልማልኩም። ያን ዕለትም በሩ ፊት ቆሜ ያሰብኩት እህቴን አልነበረም። ቃሌን አሰብኩ። እውነት ተናግሬያለሁ፣ እውነት ደግሞ ራሷን ትችላለች ብዬ አመንኩ። እንዲህ ያለ ሞኝነት።

«አልምልም» አልኩ። «የተናገርኩት ግን እውነት ነው።»

ከኋላዬ አንዲት ሴት፣ «እውነት ቢሆን ምን ያስፈራታል?» ስትል ሰማሁ። ሌላዋ፣ «ለእህቷ ብላ ነፍሷን አትሸጥ፣ ታዲያ!» ብላ ሳቀች። ጉዳዩ እዚያ ላይ አለቀ። አንደኛው ምስክር ምሏል፣ ሌላዋ አልማለችም። ሦስቱ ተመካከሩ፣ ቃሉን የተናገሩት አባባ ነበሩ። «ከአጥሬ ውስጥ እግሯ እንዳይገባ፣ ስሟ በቤቴ እንዳይጠራ።» ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። እህቴ ዞራ ያየችው አባባን አልነበረም፤ እኔን ነው።

በማግስቱ አዲስ አበባ ሄደች። ሰው ቤት ሠራች፣ ኋላም የሻይ ቤት ሠራተኛ ሆነች። አልተጣላችኝም። እኔም ትዳሬ ፈርሶ እሷው ዘንድ ስሄድ ፍራሽዋን አካፍላኛለች። ስለዚያ ቀን ግን አንድም ጊዜ አላነሳችም። ብታነሳው ይሻለኝ ነበር።

አማ በምርኩዝ ማድቤት ድረስ መጡ። ቧንቧውን ዘጉት።

«ማለች» አሉኝ። «እጇ ተቃጠለ፣ ልጅቷ ዳነች። ዳኛው አለቀሰ፣ ሪዙ ሁሉ ራሰ። አንቺ ምን ሆነሽ ነው የእኔን ውሃ የምታፈሺው?»

ነገርኳቸው። በተሰባበረ እንግሊዝኛ እንዴት እንደነገርኳቸው አላውቅም፤ «ጠበል»ን ለማስረዳት ብቻ ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። ቆመው ሰሙኝ፣ ጉልበታቸው እያመማቸው።

«ታዲያ አባትሽ አሁን በሕይወት አሉ?»

«አሉ።»

«ስልክ አለሽ?»

«አለኝ።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«አማ፣ መማል ኃጢአት ነው። ቃል ገብቻለሁ።»

«እግዜርሽ እንዲህ ቂመኛ ነው?» አሉኝ። «የእኔው በእሳት ያስምላል፣ ግን እንዲህ አይጨክንም። ሂጂ ደውዪ። ተቀጪ ከተባልሽ በኋላ ትቀጪያለሽ።»

ላይ ወጣሁ። ግድግዳዬ ላይ ካለችው የእመቤታችን ሥዕለ አድኅኖ ፊት ቆምኩ። ጸሎት መጀመር አቃተኝ፤ ምን ብዬ እጀምራለሁ? የካርዷን ቁጥር ሁለቴ ተሳስቼ በሦስተኛው ገባልኝ። እዚያ እየመሸ ነበር። ወንድሜ ስልኩን አባባ ጆሮ ላይ አስጠጋላቸው። መጀመሪያ የሰማሁት ትንፋሻቸውን ነው።

«አባባ፣ እኔ ነኝ።»

«አውቄሻለሁ።»

«አባባ፣ ልምልልዎ ነው። ያን ዕለት ያልማልኩትን አሁን እምላለሁ። በእግዚአብሔር ስም፣ በእናቱም ስም፣ ከእኔ ጋር ነበረች። ቀኑን ሙሉ ከእኔ አልተለየችም።»

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ፣ ሃሎ» አልኩ።

«አትጩኺ፣ እሰማለሁ» አሉኝ። «አሁን መማልሽ ለምን አስፈለገ? እኔ ያን ቀንም አምኜሽ ነበር።»

አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ።

«አምነውኝ ነበር?»

«አንቺ ዋሽተሽ ታውቂያለሽ?»

«ታዲያ ለምን አባባ? ለምን?»

«ያልማለ ምስክር ይዤ ለልጄ ብፈርድ ማን ይቀበለኛል? በማለና ባልማለ መካከል ነው የተቀመጥኩት። አባት ሆኜ አልተቀመጥኩም።» ሳል ያዛቸው። ወንድሜ ውሃ ሲሰጣቸው ሰማሁ።

«አሁን ማልኩ፣ አባባ። አሁን ይፍቱላት። ገበያው ዳር ናት፣ ሦስት ቀኗ ነው። እግርዎን ስማ ትመለስ።»

«ሦስት ሆነን ያሰርነውን ብቻዬን እንዴት እፈታዋለሁ? ሁለቱ አልፈዋል። ከማን ጋር ልምከር?»

«ከእግዚአብሔር ጋር ይምከሩ!»

በሕይወቴ አባቴን እንዲህ ተናግሬያቸው አላውቅም። እሳቸውም አልተቆጡም። ከዚያ፣ «ለወንድምሽ የምነግረው አለኝ» አሉ። ለእሱ የሚሉትን አልሰማሁም። ካርዷ አለቀች።

እስከ ማግስቱ ምሽት ምንም አላወቅሁም። እሁድ ነበር፤ ቅዳሴ ላይ ቆሜ ምን እንደተቀደሰ አላስታውስም። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ አማ በር ላይ ጠበቁኝ፤ «ምን ሆነ?» አሉኝ፤ «አላውቅም» አልኳቸው፤ ሩዝ አቀረቡልኝ። ወንድሜ የደወለው ከዚያ በኋላ ነው።

አባባ እንደተኙ አልጋቸውን ከነፍራሹ አስወጥተው አጥሩ በር ድረስ አስወስደውታል። በሩን አስከፍተዋል። ወንድሜ ሮጦ እህቴን አመጣት። እሳቸው ከአጥሩ ወደ ውስጥ፣ እሷ ከአጥሩ ወደ ውጭ፣ መንገዱ ላይ። በመካከላቸው ሁለት ክንድ የሚሆን መሬት። ልትገባ እግሯን ስታነሳ አባባ እጃቸውን አንስተው ከለከሏት። ያመጣችላቸውን ጋቢ ወንድሜ ተቀብሎ አለበሳቸው። ተያዩ። ስሟን አልጠሩም። ፀሐይ እስኪከር ተያዩ፤ ከዚያ አባባ አይናቸውን ጨፈኑና፣ «አስገቡኝ» አሉ። በሩም ተዘጋ።

ማክሰኞ ጠዋት ሥራ ላይ፣ አንድ አዛውንት ገንፎ ሳበላ፣ ስልኬ በኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ሳላየው አወቅሁ። ገንፎውን ጨርሼ አፋቸውን ጠረግሁላቸው።

እህቴ የደወለችልኝ ከሠልስቱ በኋላ ነው። ድምፅዋ ሻክሯል። ለቅሶው ላይ የሆነውን፣ ማን እንደመጣ፣ ማን ሰላም እንዳላት፣ ማን እንዳላላት ነገረችኝ። የሸኘቻቸው ከቀብሩ ዳር ቆማ ነው። ከዚያ እንዲህ አለች፤

«ምለሽላቸው ነው አሉ በሩን ያስከፈቱልኝ።»

«አዎ።»

«ወይኔ እህቴ። አንቺ? ማልሽ?» አለቀሰች፣ ሳቅም አለበት። «አመኑሽ?»

«አመኑኝ።»

«ስለዚህ ያን ጊዜ አላመኑም ነበር ማለት ነው» አለች። «እኔ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሚያስጨንቀኝ ይሄ ነው። አውቀው ነው ወይስ ሳያውቁ? ቢያውቁ ኖሮ እንዲያ አያደርጉኝም ነበር። የገዛ ልጃቸውን እያወቁ አያስወጡም። አይደል?»

መስኮቱ ሥር ቆሜ ነበር። ታች አማ ለጎረቤታቸው በቋንቋቸው ይጮኻሉ።

«ለምን ዝም አልሽ? አያውቁም ነበር በይኝ።»

«አያውቁም ነበር።»

«ማይልኝ።»

እጄን ሥዕሏ ላይ አላኖርኩም፣ ያንን አልቻልኩም። ግን የእግዚአብሔርን ስም ጠርቼ ማልኩላት። «እፎይ» ስትል ሰማሁ።

ከዚያ ቀጥሎ ከመጣው እሁድ ጀምሮ አልቆረብኩም። እዚህ ያሉት የነፍስ አባቴ ምን ሆነሽ ይሉኛል፤ የሥራ ሺፍት አልገጠመልኝም እላቸዋለሁ።