ቡርሽ ያልፈተገችው ጥርስ

ባለቤቴን በሥራ ቦታዋ «ቡርሽ» ይሏታል። የምትሠራበትን የሙዚቃ ጓድ የነሐስ መሣሪያዎች የምትጠግነውና የምትወለውለው እሷ ናት። ቤትም ገብታ አታርፍም፤ እኔ ያጠብኩትን ሳህን ዞር ስል መልሳ ታጥበዋለች። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ!

አንድ ቀን ምሳዋን ይዤላት ሄጄ ዕቃ ክፍሉ በር ላይ ቆሜያለሁ። ታናሽ ወንድሟ፣ የጓዱ ጥሩምባ ነፊ፣ እየነፋ በኮሪደሩ ሲያልፍ ከበሮ መቺው የማዶውን በር በርግዶ ወጣ። በሩ ጥሩምባውን መታ፣ ጥሩምባው አፉን። የፊት ጥርሱ ከነሥሩ ወልቆ ወለሉ ላይ ተንከባለለ።

«እትዬ፣ አለቀልኝ! ከእንግዲህ በምን ልነፋ ነው?» አለ አፉ በደም ተሞልቶ። እውነቱን ነው፤ ከንፈሩ የሚደገፈው በዚያ ጥርስ ነው፣ ሌላ ሙያ ደግሞ የለውም።

ቡርሽ ጥርሱን በአንድ እጇ፣ ቡርሿን በሌላው ይዛ ቧንቧው ጋ ደርሳለች። እኔ ጎረቤታችን ለሆነችው የጥርስ ሐኪም ደወልኩ፤ የሆነውንና ቡርሽ ጥርሱን ልትፈትግ መሆኑን ነግሬ ስልኩን ስፒከር ላይ አደረግኩት።

«እንዳትፈትጊው!» አለች ሐኪሟ። «ሥሩን አትንኪ፣ ጫፉን ያዢ። በንጹሕ ውሃ ለቅለቅ አድርጊና ቦታው መልሺው። እምቢ ካለ ወተት ውስጥ ክተቱትና ፈጥናችሁ ኑ።»

«ዶክተርዬ፣ አቧራ አለበት እኮ!»

«ሥሩን የሸፈነው ስስ ነገር ነው መልሶ የሚያያይዘው። እሱን ከፈተግሽው አለቀ።»

በትዳራችን እንዲህ ስትቸገር አይቻት አላውቅም። በመጨረሻ ቡርሹን ወረወረችልኝና «ያዝልኝ፣ ብለምንህም እንዳትሰጠኝ» አለች። ጥርሱን ለቅለቅ አድርጋ ቀስ ብላ ቦታው ገፋችው። ወንድሟ ጮኸ። መሐረብ አስነክሰነው ወደ ክሊኒኩ በረርን።

ሐኪሟ ጥርሱን በቀጭን ሽቦ ከግራና ከቀኝ ጥርሶቹ ጋር አሰረችው፤ ቆይታም ሥሩን አከመችው። «ይይዛል» አለች። «ግን እኔ እስክፈቅድ ጥሩምባ የለም።» ቡርሽ ጥሩምባውን በየቀኑ እየወለወለች ጠበቀች። «ይነፋዋል» ትላለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

በተፈቀደለት ቀን ወንድሟ እኛ ወደቆምንበት ዕቃ ክፍል መጣ። ጥርሱን በምላሱ ነካ አደረገና ነፋ። የመጀመሪያው ድምፅ ዘይት እንዳልተቀባ በር ሲጥ አለ። ቡርሽ የመወልወያ ጨርቋን ጨምድዳ ያዘች። ሁለተኛው ግን ጥርት ብሎ ወጣና ኮሪደሩን ሞላው። ከበሮ መቺው ከማዶ «እሰይ!» ብሎ ጮኸ።

እኔ አለቀስኩ፣ አላፍርም። እሷም ዓይኗን በዚያው በጠቆረ ጨርቅ ስትጠርግ ጉንጯ ጥላሸት መሰለ። ልነግራት አፌን ስከፍት «አውቃለሁ፣ ተወው» አለችኝ።

እንደዚያው ጉንጯ ጠቁሮ ቤት ድረስ ሄድን።